መስማት የተሳነውን ልጅ በገዛ ቤቱ እንግዳ የሚያደርጉ ስህተቶች

ብቸኝነቱን የሚያመጣው ጆሮ ብቻ ቢሆን ኖሮ፣ መስማት የተሳናቸው ልጆች እርስ በርስ ሲገናኙም ብቸኛ በሆኑ ነበር። ግን አንድ ላይ ሲሆኑ አይታችኋቸው ታውቃላችሁ? እጃቸው አያርፍም። ይቀላለዳሉ፣ ይጣላሉ፣ ይታረቃሉ፣ ሐሜት ሳይቀር አላቸው። ያው ልጅ ቤቱ ሲገባ ግን ጭጭ ይላል። የሚወዱት ሰዎች ሞልተዋል፣ የሚያወራው ሰው የለም። ከእነዚህ ልጆች ከ100 ከ90 በላይ የሚሆኑት የሚወለዱት ከሚሰሙ ወላጆች ስለሆነ ነገሩ የጥቂት ቤቶች ችግር አይደለም። ወላጆችን ልወቅስ አልተነሳሁም፤ አብዛኛው ስህተት ከፍቅርና ከድንጋጤ የሚመጣ ነው። ቢሆንም ልጁን ይጎዳዋል።

«መጀመሪያ መናገር ይልመድ፣ ምልክቱ ይደርሳል»

ለእኔ ትልቁ ስህተት ይሄ ነው። ልጁ የምልክት ቋንቋ ከለመደ ለመናገር ይሰንፋል የሚል ፍርሃት አለ። ፍርሃቱ የቆየ ነው። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1880 ሚላን ላይ የተሰበሰቡ አስተማሪዎች፣ ራሳቸው መስማት የተሳናቸው ሰዎች በስብሰባው የሉም በሚባልበት ሁኔታ፣ ትምህርት በንግግር ይሰጥ ብለው ወሰኑ። ከዚያ በኋላ በብዙ አገር ልጆች ክፍል ውስጥ በእጃቸው እንዳያወሩ ተከለከሉ። በየጊዜው የሚሰበሰበው ይኸው ጉባኤ ያንን ውሳኔ በይፋ የተወው በ2010 ካናዳ፣ ቫንኩቨር ላይ ነው። 130 ዓመት ሙሉ!

ቤት ውስጥም በትንሹ ይሄው ይደገማል። ንግግሩ ዛሬ ይመጣል ነገ ይመጣል እየተባለ ሦስት አራት ዓመት ያልፋል፣ አእምሮ ቋንቋን በቀላሉ የሚይዝበት ጊዜም አብሮ ያልፋል፣ ልጁ አንድም ቋንቋ ሳይጨብጥ ትምህርት ቤት ይገባል። ቋንቋ የሌለው ልጅ «ፈራሁ» ማለት አይችልም። ሆዱን ይሁን ጥርሱን የሚያመው አይናገርም። ስለዚህ ይወራጫል፣ ይማታል፣ ይናከሳል። ከዚያ «ባለጌ ሆነ» ይባላል። ምልክት ንግግርን አያጠፋም፤ ሁለቱን ጎን ለጎን ማስኬድ ይቻላል። ስለዚህ ምልክቱን ከዛሬ ጀምሩ፣ ብትሳሳቱም ችግር የለም፣ ልጁ ያርማችኋል።

«ቆይ፣ በኋላ እነግርሃለሁ»

ገበታ ላይ ሁሉም ይስቃል። ልጁ ቀና ብሎ ፊት ለፊት ያያል፣ የእህቱን ክንድ ነካ አድርጎ «ምንድን ነው?» ይላል። «ምንም አይደል፣ በኋላ።» ያ በኋላ የሚባለው ጊዜ አይመጣም። ከመጣም አሥር ደቂቃ የተሳቀበት ወሬ በሁለት ቃል ተጨምቆ ነው የሚደርሰው። ነገሩ በጣም የተለመደ ከመሆኑ የተነሳ ስም ወጥቶለታል፣ የራት ገበታ ሲንድረም ይሉታል።

ቀላል ነገር እንዳይመስላችሁ። ሰው እንዴት ይቅርታ እንደሚጠይቅ፣ ብር ሲጠፋ ቤት ውስጥ ምን እንደሚባል፣ አጎትና አባት ለምን እንደተኳረፉ ማን አስተማረን? ማንም። ጥግ ላይ ተቀምጠን ስንጫወት ጆሯችን ውስጥ የገባ ነው። መስማት የተሳነው ልጅ ይሄ ሁሉ ያልፈዋል። አክስቱ ነፍሰ ጡር መሆኗን የሚያውቀው ሕፃኑ ሲመጣ ነው። የአያቱን ሕመም የሚሰማው ቤቱ በለቅሶ ሲሞላ ነው። ቀስ በቀስም ሌሎች ሲስቁ አብሮ መሳቅ ይለምዳል፣ እንግዳ መጥቶ «እንዴት ደስተኛ ልጅ ነው» ይላል!

መፍትሔው ከባድ አይደለም፣ ትዕግሥት ግን ይፈልጋል። ሁሉም የሁሉንም ፊት በሚያይበት ሁኔታ ተቀመጡ፣ መብራቱ ይብራ፣ አንድ ሰው ሲያወራ ሌላው ይጠብቅ። ተራ ወሬ ቢሆንም ንገሩት፤ ተራ መሆኑን እሱ ይወስን።

«ከንፈር ያነባል እኮ»

መስታወት ፊት ቁሙና ድምፅ ሳታወጡ «ማማ»፣ «ባባ»፣ «ፓፓ» በሉ። ልዩነት አያችሁ? ጉሮሮ ላይ የሚወጡት ድምፆች ደግሞ ጭራሽ አይታዩም። ልጁ ቁርጥራጩን ይዞ ቀሪውን በግምት ነው የሚሞላው፣ ቀኑን ሙሉ እንደዚያ ሲውል ማታ ድክም ይለዋል። ራሱን ስለነቀነቀ ገብቶታል ማለት አይደለም። «ገባህ?» አትበሉት፣ «ምን አልኩህ?» በሉት።

መሣሪያው ሁሉን ነገር ጨርሷል ብሎ ማረፍ

የመስሚያ መሣሪያም ሆነ ኮክሊያር ኢምፕላንት (በቀዶ ሕክምና ጆሮ ውስጥ የሚገባ መሣሪያ) ለብዙ ልጆች ትልቅ ጥቅም አለው፣ ይሄን አልክድም። ግን ኢምፕላንቱ ድምፅን በኤሌክትሪክ አድርጎ ወደ ጆሮ ነርቭ ይልካል እንጂ የሚሰማ ጆሮ አይተክልም፣ የሚመጣውን ድምፅ መለየትም ረጅም ልምምድ ይጠይቃል። ጸጥ ባለ ክፍል ከአንድ ሰው ጋር ጥሩ የሚያወራው ልጅ፣ ሃያ ልጅ የሚጮህበት ሜዳ ላይ ይጠፋዋል። ጓደኞቹ «ዘጋን» ይላሉ። ልጁ ሲተኛ መሣሪያው (የኢምፕላንቱም የውጪው ክፍል) ይወልቃል፣ ባትሪው ያልቃል። በዚያች ሰዓት የሚያወራበት ሌላ መንገድ ሊኖረው ይገባል።

ቋንቋውን ለአንድ ሰው መተው

ብዙ ጊዜ የምትማረው እናት ነች። አባት «ንገሪው» ይላል፣ እናት ትነግረዋለች፣ አባትና ልጅ በአስተርጓሚ ሲገናኙ ያድጋሉ። ወይም ታናሽ እህት የቤቱ አስተርጓሚ ትሆናለች፣ ልጅነቷን ትከፍላለች። ሁሉም ይማር፤ አያትም ቢሆኑ ጥቂት ምልክት አያቅታቸውም።

እንደሱ ካሉ ሰዎች ማራቅ

«ከጤነኞቹ ጋር ይዋል፣ እንዳይለይ» ይባላል። (ጤነኞቹ! የታመመ ማን አለ?) ብዙ መስማት የተሳናቸው አዋቂዎች ልጅ እያሉ «ሳድግ እሰማለሁ» ብለው ያስቡ እንደነበር ይናገራሉ። አንድም መስማት የተሳነው ትልቅ ሰው አይተው ስለማያውቁ ነው።

እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1970ዎቹ መጨረሻና በ1980ዎቹ በመካከለኛው አሜሪካዋ ኒካራጓ፣ ዋና ከተማዋ ማናጓ ውስጥ የሆነውን እዩ። በየቤቱ ተበታትነው ይኖሩ የነበሩ ልጆች ለመጀመሪያ ጊዜ በብዛት አንድ ትምህርት ቤት ተሰበሰቡ። አስተማሪዎቹ ስፓኒሽ ሊያስነብቧቸውና ሊያናግሯቸው ይደክሙ ነበር። ልጆቹ ግን ጊቢው ውስጥና አውቶቡስ ላይ፣ ከየቤታቸው ያመጡትን ምልክት እያዋጡ የራሳቸውን ቋንቋ ፈጠሩ፣ በኋላ የመጡት ትንንሾች ደግሞ ሰዋስዉን አዳበሩት። ዛሬ የኒካራጓ ምልክት ቋንቋ ይባላል፤ የቋንቋ ምሁራን ሲወለድ ቆመው ያዩት ቋንቋ ነው ማለት ይቻላል። ያስተማራቸው አልነበረም፣ የጎደላቸው መገናኘት ብቻ ነበር።

ስለዚህ እሱን የመሰሉ ልጆች ያሉበት ውሰዱት። መስማት የተሳነው ትልቅ ሰውም ቤታችሁ ይምጣ፣ ለእናንተም ከማንም የተሻለ አስተማሪ ነው። እዚያ የሚሰጠው የምልክት ስም፣ ከመልኩ ወይም ከጠባዩ ተነስተው ጓደኞቹ ያወጡለት፣ ለብዙ ልጆች የመጀመሪያው «የእኛ ነህ» ነው።

በእሱ ፈንታ መልስ መስጠት

«ስሙ ማን ነው? ስንት ዓመቱ ነው?» ሰው ወላጅን ነው የሚጠይቀው፣ ወላጅም ቶሎ ይመልሳል። «ሰው ያያል፣ እጅህን ሰብሰብ አድርግ» የሚሉም አሉ፣ ይሄኛው ደግሞ የባሰ ነው። ሐኪሙም ሆነ አስተማሪው እናንተን ሲጠይቅ ወደ ልጁ ዞራችሁ በምልክት አስተላልፉለት፣ መልሱን እስኪጨርስም ጠብቁ። ይረዝማል። ጠያቂው ሰዓቱን ያያል። ይይ።