የድሮ ፒያሳ ፎቶ እጃችሁ ሲገባ እነዚህን ነገሮች አታድርጉ

የፒያሳ ቤቶች በ2016 ዓ.ም መፍረስ ከጀመሩ ወዲህ የድሮ ፎቶ የማይፈልግ ሰው የለም። ከቁም ሳጥን አናት፣ ከአያት ሻንጣ፣ ከአልጋ ስር ይወጣል። ደስ ይላል። የሰው አልበም ስካን ሳደርግ ብዙ ዓመት ስለሆነኝ ደስታው ይገባኛል። ግን አንዳንዱ ስህተት ሲደጋገም አንጀት ያሳርራል።

ከሁሉም የሚያናድደኝ የዓመተ ምሕረት ነገር ነው። በቅርቡ አንድ ልጅ ፎቶ ይዞ መጣ። ጀርባው ላይ 1966 ይላል። «አብዮቱ በፈነዳበት ዓመት ፒያሳ» ብሎ ጽፎበት ለዘመድ ለወዳጅ አዳርሶታል። ገልብጬ ሳየው ማኅተሙ የውጭ አገር ፎቶ ማጠቢያ ቤት ነው፣ ፊደሉም የፈረንጅ። ስለዚህ ይሄ 1966 የነሱ ነው፤ በኛ 1958 ወይም 1959 ይሆናል። ምን አብዮት አለ? ጃንሆይ ዙፋናቸው ላይ ናቸው! እሱ እቴ፣ «ያው ሰባት ስምንት ዓመት ነው፣ ምን ለውጥ አለው?» አለኝ።

ምን ለውጥ እንዳለው የሌኒን ሐውልት ይንገራችሁ። አፍሪካ አዳራሽ አካባቢ የነበረው ማለቴ ነው። በ1983 ቆመ፤ በ1983 ወደቀ። ሁለቱም ልክ ነው። የቆመው በፈረንጅ 1983 ነው፣ ማለትም በኛ 1975 ወይም 1976። የወደቀው ደግሞ በኛ 1983፣ ግንቦት ላይ፣ ደርግ ሲወድቅ። በየትኛው አቆጣጠር እንደሆነ ሳትጽፉ ከተዋችሁት ግን ሰውዬው በተተከለበት ዓመት ተነቀለ ማለት ነው። እባካችሁ ከቁጥሩ አጠገብ «ዓ.ም» ወይም «እ.ኤ.አ.» በሉ። ወሩ ካልታወቀ ሁለቱንም ዓመት ጻፉ። የማታውቁትን ደግሞ ከራሳችሁ አትጨምሩ።

እዚህ ላይ የራሴን ጉድ ልናገር። ስላይዶች፣ በፕሮጀክተር የሚታዩት ትንንሽ የፊልም ፎቶዎች፣ ፍሬማቸው ላይ ወርና ዓመት ታትሞባቸው ይገኛል። አንድ ጊዜ የጥምቀት ስላይድ ላይ «ጁን» የሚል አየሁና ግማሽ ቀን ተጨነቅኩ። ጥምቀት በሰኔ? ለካስ ፊልሙ የታጠበበት ወር ኖሯል። ካሜራ ውስጥ ስንት ወር እንደተቀመጠ ማን ያውቃል።

ኔጋቲቭን፣ ፎቶ የሚታተምበትን ፊልም ማለቴ ነው፣ ገልብጦ ስካን ማድረግም የተለመደ ነው። ጽሑፍ ካለበት ወዲያው ይታወቃል። ጽሑፍ ከሌለ ግን «መኪኖቹን እዩ፣ በቀኝ መሄድ አለባቸው» እያልኩ ስንቱን አስተምሬያለሁ። አንድ ቀን መኪኖቹ በሙሉ በግራ የሚሄዱበት የአራዳ ፎቶ መጣልኝ። ተገልብጧል ብዬ አዞርኩት፣ አሳምሬ አትሜ ለባለቤቱ ሰጠሁ። በሳምንቱ እናቱን ይዞ ተመለሰ። እማማ መነጽራቸውን አውልቀው ፎቶውን ወደ አይናቸው አስጠጉና «ልጄ፣ መንገዱን ምን ነካው? የኛ ሱቅ እኮ በዚህ በኩል ነበር» አሉ። ትክክል ነበሩ። አገራችን በቀኝ መንዳት የጀመረችው በ1956 ዓ.ም ነው፤ ከዚያ በፊት በግራ ነበር የሚነዳው። ልክ የነበረውን ያበላሸሁት እኔ ነኝ። አሁን መጀመሪያ የማየው የኔጋቲቩን ጠርዝ ነው። ጠርዙ ላይ ያሉት ቁጥርና ፊደሎች ሳይገለበጡ ከተነበቡ ፎቶውም አልተገለበጠም።

የጥንት ገበያ ሁሉ መርካቶ አይደለም። ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ሕዝብ፣ በቅሎና እህል ከሞላበት የአራዳ ገበያ ነው። ወደ ዛሬው መርካቶ ያዞረው ጣሊያን ነው።

ሁለቱን አንበሶችም አታምታቱ። ለገሃር የባቡር ጣቢያው ፊት ያለው የይሁዳ አንበሳ ነው፤ ብሔራዊ ቴአትር ፊት ያለው ደግሞ ሌላ፣ የድንጋይ። የለገሃሩ በፎቶው ላይ ከሌለ አትደንግጡ። ጣሊያን ወደ ሮም ወስዶት ብዙ ዓመት ከቆየ በኋላ ነው የተመለሰው። እንዲያውም ባዶ ቦታው ዘመኑን ለመገመት ይረዳል።

አሁን የመጣው መከራ ደግሞ «ፎቶ አጥራልኝ» የሚባለው አፕ ነው። አንድ የልብስ ሰፊ ሱቅ ነበር፣ ደብዝዟል ግን ማስታወቂያው በደንብ ይነበባል። አፑ «አጠራው»። የሰዎቹ ፊት እንደ ሸክላ ለሰለሰ፣ ማስታወቂያው ላይ ያለው ፊደል ደግሞ አማርኛም ትግርኛም ያልሆነ፣ ጥርሱ የረገፈ ማበጠሪያ የመሰለ ነገር ሆኖ ቁጭ አለ። ያቺ አንዲት ማስታወቂያ ነበረች ሱቁ የት እንደነበር የምትነግረን! ቀለም ማልበሱም እንዲሁ ነው፤ ሰማያዊና ነጩን ታክሲ ቡናማ አድርጎ የሰጠኝ አለ። ከፈለጋችሁ ሞክሩት፣ አልከለክልም፤ ግን ዋናውን ስካን ሳትነኩ ለብቻው አስቀምጡ።

ላሚኔት አታስደርጉ። በፕላስተር አትለጥፉ። እርጥብ ጨርቅ አታስነኩት። ጀርባው ላይ መጻፍ ካለባችሁ በለስላሳ እርሳስ፣ ዳር ላይ፣ ሳትጫኑ፤ እስክሪብቶ በፎቶው ፊት በኩል ይታተማል። ከሚጣበቅ አልበም ላይ ፎቶ በጥፍር የሚነቅል ሰው ሳይ ደግሞ እጄ ይንቀጠቀጣል። የጥርስ ክር ከስሩ አስገቡና ቀስ እያላችሁ እንደ መጋዝ ወዲህ ወዲያ አድርጉ። እምቢ ካለ ተዉት፣ ከነገጹ ስካን ይደረግ።

ጀርባውንም ስካን አድርጉ ስል ሁሌ ይስቁብኛል። አንዲት እህት የእናቷን ፎቶ ፍሬም ውስጥ እንዲገባላት ነጭ ጠርዙን በመቀስ ቆርጣ መጣች። ጀርባው ላይ የፎቶ ቤቱ ማኅተም ግማሹ ብቻ ቀርቷል፤ በእጅ ከተጻፈውም «...ሲኒማ በር ላይ፣ ጥቅምት» ብቻ ይነበባል። የትኛው ሲኒማ? የትኛው ጥቅምት? እሷም እኔም ዝም አልን። «እናትሽስ?» አልኳት። በሕይወት አሉ። በይ ሂጂና ጠይቂያቸው አልኳት፤ ስልክሽ ላይ ድምፅ መቅጃውን ክፈቺ፣ ፎቶውን እጃቸው ላይ አድርጊ፣ «ይሄ ማነው?» ከማለት ይልቅ «ከዚህ ወዴት ሄዳችሁ?» በያቸው። ሁለት ሰዓት ከአርባ ደቂቃ ቀድታ ተመለሰች። ሲኒማው አምፒር ነበር።