ሐይቅ ላይ ልትቀዝፉ ለምትመጡ፦ እነዚህን ስህተቶች ተዉልን

ሎጎ ሐይቅ ላይ ከኛ ቡድን ጋር መቅዘፍ የሚፈልግ ሰው እየበዛ ነው። ከደሴ ይመጣሉ፣ ከኮምቦልቻ ይመጣሉ፣ ከመርሳም ይመጣሉ። በጣም ደስ ይለኛል። ግን አዲስ የሚመጣ ሁሉ የሚሠራው ስህተት ያው ነው። ዳር ቆሜ ስጮህ ከመዋል አንዴ ልጻፈውና ቀድማችሁ አንብቡት።

«አብሽር፣ ዋና እችላለሁ!»

ላይፍ ጃኬት ሳቀብል የምሰማው መልስ ይሄ ነው። ይሄን ቃል ስሰማ ደሜ ይፈላል። ዋና መቻል ሌላ፣ ጀልባ ሲገለበጥ መትረፍ ሌላ!

ሐይቁን እወቁት። ከባሕር ጠለል በላይ 2,000 ሜትር ገደማ ላይ ያለ ውሃ ነው። ጥልቁ ቦታ ላይ ጥልቀቱ ከ80 ሜትር ያልፋል። ከዳር ትንሽ እንደራቃችሁ እግራችሁ የሚረግጠው መሬት የለም። ጠዋት ደግሞ ውሃው ይቀዘቅዛል። ሳያስበው ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ የወደቀ ሰው ሳይፈልግ አየር ይስባል። በዚያች ቅጽበት አፉ ከውሃ በታች ከሆነ የሚስበው ውሃ ነው። ይሄ ጎበዝ ዋናተኛ አይልም፣ ሰነፍ አይልም።

አንድ የደሴ ልጅ ነበር። ጥሩ ዋናተኛ ነው። ጃኬቱን የለበሰው ዳር ላይ ተጨቃጭቀን ነው። መሐል ስንደርስ ሁለት ሰዎች ፎቶ ለመነሳት ወደ አንድ ጎን ዘንበል አሉ። ጀልባው ተገለበጠ። ሲወድቅ የጓደኛው መቅዘፊያ ቅንድቡን መታው። ልጁ ደነዘዘ። እጁን እንኳ ማንቀሳቀስ አልቻለም። እዚያው ያንሳፈፈው ጃኬቱ ነው። ያን ቀን ጃኬት ባይለብስ ኖሮ ለእናቱ ምን ብለን እንደምንነግር አላውቅም።

አለባበሱም ወግ አለው። መቆለፊያዎቹ ሁሉ ይቆለፉ፣ ማሰሪያው ይጥበቅ። ከዚያ ጓደኛችሁ ከትከሻችሁ ላይ ይዞ ወደ ላይ ይሳበው። ጆሯችሁ ድረስ ከወጣ ላልቷል፣ እንደገና አጥብቁት። ሞቀኝ ብሎ ቆልፎ የሚፈታ አለ። የተፈታ ጃኬት ውሃ ውስጥ ሲገባ ከላያችሁ ወጥቶ ይሄዳል።

ከተገለበጣችሁ ደግሞ ጀልባውን ያዙ። ዳሩ ቅርብ መስሎ ይታያችኋል፣ ግን አትመኑት። ጀልባው ይንሳፈፋል፣ ከሩቅም ይታያል። የሰው ጭንቅላት ግን ሞገድ መሐል አይታይም።

በጉልበት መቅዘፍ

ጂም የሚሠሩ ልጆች ይሄን ያንብቡልኝ። ትከሻችሁ ሰፊ ነው፣ ማሻአላህ። ግን ጀልባው የሚሄደው መቅዘፊያዎቹ ሁሉ እኩል ውሃ ሲገቡና እኩል ሲወጡ ነው። አንዱ ቀድሞ ከጎተተ ጀልባው ይወዛወዛል፣ አፍንጫው ይዞራል። ከኋላ ያለው መሪ እሱን ለማቅናት ሲታገል ይውላል። ስድስት ሰው ለፍቶ የሦስት ሰው ያህል ይጓዛል።

ዓይናችሁ የገዛ መቅዘፊያችሁ ላይ አይሁን። ከፊታችሁ ያለውን ሰው መቅዘፊያ እዩ። እሱ ሲያጠልቅ አጥልቁ፣ ሲያወጣ አውጡ። ፊት የተቀመጠው ሰው ነው ፍጥነቱን የሚወስነው። ዘገምተኛ ነው ብላችሁ ብታስቡ እንኳ ተከተሉት።

ጉልበቱም ከክንድ አይምጣ። ከወገብ ታጥፋችሁ ወደ ፊት ተዘርጉ። የመቅዘፊያው ሰፊ ጫፍ ሙሉ በሙሉ ውሃ ውስጥ ይግባ፣ ከዚያ ብቻ ሳቡ። ዳሌያችሁ ጋ ሲደርስ አውጡት። ከዚያ በኋላ የሚጎተት ሁሉ ጀልባውን ወደ ታች ይጫነዋል እንጂ ወደ ፊት አይገፋውም። እግራችሁን ከፊት ያለው እንጨት ላይ አስደግፉ። ክንዱ ብቻ የሚሠራ ሰው ግማሽ መንገድ ሳይደርስ ይዝላል። ወገቡን የተጠቀመች ቀጭን ልጅ ግን ሄዳ ትመለሳለች።

የሃዋይን ቪዲዮ አይቶ እኛ ጀልባ ላይ መቆም

ስልክ ላይ የሃዋይንና የታሂቲን ጀልባዎች ያያሉ። ያምራሉ፣ እኔም እወዳቸዋለሁ። ግን እነዚያ ጀልባዎች ጎናቸው ላይ በሁለት አግዳሚ እንጨት የታሰረ ተንሳፋፊ አላቸው። አብዛኛውን ጊዜ በግራ በኩል ነው። ስድስት ሰው ይቀዝፋል፣ ስድስተኛው ከኋላ ይመራል። ያ ተንሳፋፊ ነው ጀልባውን የሚደግፈው። እሱም ቢሆን ከውሃ ከተነሳ ጀልባው ይገለበጣል። ስለዚህ ቀዛፊዎቹ ክብደታቸውን ወደዚያው ያደርጋሉ።

የኛ ጀልባ ይሄ ድጋፍ የለውም። ሚዛኑ እናንተ ናችሁ። ቦታ መቀየር ከፈለጋችሁ ለመሪው ተናገሩ፣ ጎንበስ በሉ፣ ጠርዙን በሁለት እጅ ይዛችሁ አንድ በአንድ ተንቀሳቀሱ። ከነሱ መውሰድ ያለባችሁ ሌላ ነገር አለ። ከመሐል አንዱ ጮክ ብሎ ምልክት ይሰጣል፣ ሁሉም በአንዴ እጅ ቀይሮ በሌላው ጎን ይቀዝፋል። እኛም ረጅም መንገድ ስንሄድ እንዲህ እናደርጋለን። ምልክቱን ሳትሰሙ አትቀይሩ።

ገና በመጀመሪያው ቀን መሪ ልሁን ማለት

አይሆንም።

ተመርቅኖ መምጣት

ጫት ቅመው የሚመጡ አሉ። ቅዘፋው ለጊዜው ቀሎ ይታያቸዋል፣ ድካማቸውን አይሰሙትም፣ ውሃ መጠጣት ይረሳሉ። መመለሻው ላይ ነው ጉዱ የሚመጣው። መጠጥ የጠጣንማ ጭራሽ ጀልባው አጠገብ አናስደርስም።

ጂንስም ይቅር። ሲረጥብ ይከብዳል፣ ውሃ ውስጥ እግር ያስራል። ነጠላና ሻሽም ቢሆን ጫፉ እንዳይንዘላዘል ተደርጎ ይታሰር።

ከሰዓት ላይ ደርሶ «ለምን አንወጣም?» ማለት

ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ውሃው ጸጥ ያለ ነው። ከቀትር በኋላ ንፋስ ሲነሳ ሞገዱ ጀማሪ የሚችለው አይደለም። በተለይ ከነፋሱ ጋር ሄዶ ነፋሱን እየተጋፉ መመለስ ክንድ ይጨርሳል። መሪው ዛሬ አንወጣም ካለ አንወጣም። ከአዲስ አበባ ድረስ ነው የመጣሁት ብሎ ማልቀስ ንፋሱን አያቆመውም።

ገዳሙ ዳር መጮህ

ሐይቅ እስጢፋኖስ በ13ኛው መቶ ዘመን አባ ኢየሱስ ሞዓ የመሠረቱት ገዳም ነው። የወንዶች ገዳም ስለሆነ ሴቶች አይገቡም። ባጠገቡ ስናልፍ ሙዚቃ ይጠፋል፣ ድምፅ ይቀነሳል። ሳታስፈቅዱ ዳሩ ላይ አትውረዱ። እኛ ቡድን ውስጥ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ይሄን ሳይነገረው ያደርገዋል፣ እንግዳም እንዲሁ ያድርግ።

ሣር የበዛበት ዳር ላይ እግር ነክሮ መቀመጥ

ወሎ ውስጥ ቢልሃርዚያ የሚባል የትል በሽታ ያለባቸው ውሃዎች አሉ። ትሉ የሚራባው ጥልቀት በሌለው፣ ሣር በበዛበት ዳር ላይ በሚኖሩ ቀንድ አውጣዎች ውስጥ ነው። በቆዳ በኩል ይገባል፣ ቁስል አያስፈልገውም። ስለዚህ ስትገቡም ስትወጡም ፈጠን በሉ፣ ወዲያው ሰውነታችሁን በፎጣ አድርቁ። ሳምንታት ቆይቶ ሆድ ቁርጠት ወይም ደም የቀላቀለ ተቅማጥ ከመጣ ጤና ጣቢያ ሂዱና ሐይቅ ውስጥ እንደገባችሁ ተናገሩ። በሰገራ ምርመራ ይታያል፣ መድኃኒትም አለው።

ጀልባው ዳር ሲደርስ መሰወር

ይሄኛው ያሳዝነኛል። መዋጮውን ከፍሏል፣ ቀዝፏል፣ ፎቶ ተነስቷል። ጀልባው ተጎትቶ ሲወጣ፣ ውሃው በጣሳ ሲቀዳ፣ ጃኬቶቹ እንዲደርቁ ሲሰጡ የለም። መዋጮው ለጥገና ነው፣ ሥራውን አይተካም። ጀልባው ከባድ ነው፤ ሰው ሲጎድል ወገቡን የሚታመመው የቀረው ነው። ቡና የሚፈላው ጀልባው ተገልብጦ ከተቀመጠ በኋላ ነው።

ጾም መሆንን መደበቅ

ረመዳንም ይሁን ሁዳዴ፣ ባዶ ሆድ ከሆናችሁ ከመነሳታችን በፊት ለመሪው ንገሩ። ማንም ተመለሱ አይላችሁም። መሪው ፊት ላይ አያስቀምጣችሁም፣ መንገዱንም አሳጥሮ ዳር ዳሩን ይዞ ይሄዳል።