ያረጀ መኪና በጎጃም ዳገትና ቁልቁለት፦ ምልክቱ፣ ምክንያቱና መፍትሔው

ይህ ጽሑፍ የሚመለከተው በካርቡራተር (ቤንዚንና አየር በሚቀላቅለው ክፍል) የሚሠሩትን፣ የሞተር ኮምፒውተር የሌላቸውንና ለብዙ ዓመታት ያገለገሉትን የቤንዚን መኪኖች ነው። እነዚህ መኪኖች ጎጃም ውስጥ የሚደርስባቸው ፈተና የራሱ መልክ አለው። ደብረ ማርቆስ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,400 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ የምትገኝ ስትሆን፣ ከደጀን ወደ ዓባይ ድልድይ የሚወርደው መንገድ ደግሞ በአጭር ርቀት ውስጥ ከ1,000 ሜትር በላይ ዝቅ ይላል፤ ክረምቱም ረጅምና እርጥብ ነው። ከፍታው፣ ሸለቆውና ዝናቡ በየብልሽቱ ውስጥ እጃቸውን ስለሚያስገቡ፣ ለዝቅተኛና ለደረቅ ቦታ የተጻፈ መመሪያ እዚህ ሁልጊዜ አያዋጣም።

ለምርመራው የሚያስፈልገው ዕቃ ብዙ አይደለም፤ የቮልት መለኪያ፣ የካንዴላ (ሞተሩ ውስጥ ብልጭታ የሚሰጠው ክፍል) መፍቻ፣ ካቻቢቴ፣ ፒንሳና የብረት ብሩሽ ይበቃሉ። ዋናው ነገር ከመፍታት በፊት መለካት ነው። ወደ መለዋወጫ ሱቅ የተላከ ሰው ይዞት የሚመለሰው ዕቃ ብዙ ጊዜ ያገለገለ በመሆኑ፣ ሳይለካ የሚቀይር ሰው ደህናውን አውጥቶ የባሰውን ሊገጥም ይችላል።

ቁልፉ ሲዞር ሞተሩ የማይዞር ከሆነ

በቅድሚያ ድምፁን ማዳመጥ ያስፈልጋል። ቶሎ ቶሎ «ጠቅ ጠቅ ጠቅ» የሚል ድምፅ ከተሰማ፣ ወይ ባትሪው ደክሟል፣ ወይ ኮረንቲው መንገድ ላይ እየታነቀ ነው። አንድ ጊዜ ብቻ ጠንከር ያለ «ጠቅ» ተሰምቶ ዝም ካለ፣ ጥርጣሬው ሞተሩን አዙሮ በሚያስነሳው ሞተሪኖ ላይ ያርፋል። ምንም ድምፅ ከሌለ ደግሞ ከማስነሻ ቁልፉ ወደ ሞተሪኖው የሚሄደው ቀጭን ገመድ ወይም ቁልፉ ራሱ ይመርመር።

ቀጥሎ የፊት መብራት በርቶ ቁልፉ ይዙር። መብራቱ ጭልጭል ብሎ የሚጠፋ ከሆነ ችግሩ ከባትሪው ወይም ከማያያዣዎቹ ነው፤ ሳይደበዝዝ ከቀጠለ ግን ኮረንቲው ወደ ሞተሪኖው ጨርሶ አልደረሰም ማለት ነው። ከዚያ በኋላ ወደ ልኬት ይኬዳል። መኪናው ቆሞ ባደረ ባትሪ ላይ 12.6 ቮልት ከተነበበ ሙሉ ነው፤ 12.2 ሲደርስ ግማሹ አልቋል፤ ከ12 በታች ከወረደ ደግሞ ባዶ ሊባል ይችላል። ሞተሪኖው በሚዞርበት ቅጽበት ንባቡ ከ9.6 ቮልት በታች የሚወርድ ከሆነ፣ ባትሪው ቆሞ ሲለካ ደህና መስሎ ቢታይም እንኳ ጭነት መሸከም አቅቶታል።

ባትሪው ደህና ሆኖ ሞተሪኖው ከደከመ፣ ከሁሉም አስቀድሞ መታየት ያለበት ከባትሪው ኔጌቲቭ ወደ ሞተሩና ወደ ቦዲው የሚሄደው የማሳ (የኮረንቲ መመለሻ) ገመድ ነው። በእኔ ግምት በአሮጌ መኪና ላይ ከሚደርሱት የኤሌክትሪክ ችግሮች መካከል እንደዚህ ገመድ በስም የማይጠራ፣ ግን ደጋግሞ የሚያጠፋ የለም፤ ብሎኑ የሚታሰርበት ቦታ ዝገትና ቀለም ይይዛል፣ ገመዱም ፕላስቲኩ ውስጥ ሳይታይ ይበላል። ምርመራው ቀላል ነው፤ የመለኪያው አንዱ ጫፍ ባትሪው ኔጌቲቭ ላይ፣ ሌላው ጫፍ በሞተሩ ንጹሕ ብረት ላይ ተይዞ ሌላ ሰው ሞተሪኖውን ያዙር። ንባቡ ከ0.5 ቮልት የሚበልጥ ከሆነ ገመዱ ወይም ማያያዣው ኮረንቲ እየበላ ነው። መፍትሔውም ብሎኑን ፈትቶ ሁለቱንም ፊት በብሩሽ እስኪያበራ ማጽዳት፣ በደንብ ማጥበቅና ቫዝሊን መቀባት ነው፤ የተበላ ገመድ ይለወጥ። የባትሪው ጫፍ ላይ የሚወጣው ነጭና አረንጓዴ ዱቄት ሶዳ በተጨመረበት ሙቅ ውኃ ይታጠባል። ገመድ ሲፈታ ኔጌቲቩ ይቅደም፤ ሲታሰር ኔጌቲቩ ይከተል፤ ይህ ካልሆነ መፍቻው ቦዲውን ነክቶ እሳት ሊያስነሳ ይችላል።

ማታ ጤነኛ የነበረው ባትሪ ጠዋት ባዶ ከሆነ

ሁለት ምክንያቶች አሉ፤ ወይ ዲናሞው ባትሪውን አይሞላም፣ ወይ አንድ ነገር ሌሊቱን ሙሉ እየበላ ያድራል። ሞተሩ ተነስቶ መካከለኛ ፍጥነት ላይ ሲሆን ባትሪው ላይ ከ13.8 እስከ 14.4 ቮልት መነበብ አለበት። ከዚህ በታች ከሆነ ዲናሞውን የሚያዞረው ቺንጋ በመጀመሪያ ይታይ፤ በአውራ ጣት ሲጫኑት አንድ ሴንቲ ሜትር ያህል ብቻ መግባት ይገባዋል። ቺንጋው ደህና ከሆነ ደግሞ ዲናሞው ውስጥ ያሉት የካርቦን ብሩሾች አልቀው ሊሆን ይችላል። በብዙ አሮጌ መኪኖች ላይ ዳሽቦርዱ ላይ ያለው የባትሪ ምልክት አምፑል ከተቃጠለ ዲናሞው መሙላት እንዳይጀምር ያደርገዋል፤ ቁልፉ ሲከፈት ይህ አምፑል የማይበራ ከሆነ አንድ አምፑል መቀየር ብቻ ሊበቃ ይችላል።

ሞተሩ እየሠራ ሳለ የባትሪውን ገመድ ነቅሎ «ካልጠፋ ዲናሞው ይሠራል» ብሎ መደምደም በየመንገዱ የሚታይ ልማድ ነው። ቮልቱ በድንገት ስለሚዘል የዲናሞውን ዳዮዶችና የቮልት መቆጣጠሪያውን ያቃጥላል፤ ስለዚህ ይህ ምርመራ ጨርሶ መቅረት አለበት።

ዲናሞው የሚሞላ ከሆነ፣ ሞተሩ ጠፍቶ በሮቹ ከተዘጉ በኋላ የኔጌቲቩን ገመድ ነቅለው በገመዱና በባትሪው መካከል አምፔር መለኪያ ያስገቡ። ከ0.05 አምፔር በላይ ከተነበበ ፊውዞቹን አንድ በአንድ ያውጡ፤ ንባቡ የወረደበት ፊውዝ ሌባው ያለበትን መስመር ይናገራል። ብዙ ጊዜ የሚገኘው በኋላ የተገጠመ ቴፕ ወይም የማስጠንቀቂያ ደወል ነው። መለኪያው በመስመሩ ላይ እንዳለ ሞተሪኖ መሞከር አይገባም።

በክረምት ጠዋት እየተወራጨ የሚነሳ ወይም የማይነሳ

እንጅባራና ዳንግላ አካባቢ ጉምና ዝናብ በሚበረታበት ወቅት ሞተሪኖው በኃይል እየዞረ ሞተሩ የማይነሳ ከሆነ፣ ጥፋቱ በአብዛኛው የእርጥበት ነው። እሳቱን ለየካንዴላው በሚያከፋፍለው ዲስትሪቢውተር ክዳን ውስጥ የጤዛ ጠብታ ካለ፣ ወይም የካንዴላ ገመዶቹ አርጅተው ከተሰነጠቁ፣ እሳቱ ወደ ካንዴላው ሳይደርስ ወደ ቦዲው ያመልጣል። በጨለማ ኮፈኑን ከፍቶ ሞተሩ ሲዞር መመልከት ይህን ያጋልጣል፤ ገመዶቹ ላይ ሰማያዊ ብልጭታ ከታየ ገመዱ መለወጥ አለበት። ክዳኑን በደረቅ ጨርቅ ጠርጎ በውስጡ የጥቁር ፀጉር መስመር የመሰለ ስንጥቅ መኖሩን ማየት ይገባል፤ ስንጥቅ ካለው ማድረቁ የሚያገለግለው ለአንድ ቀን ብቻ ነው። ፑንቲና (ዲስትሪቢውተሩ ውስጥ ኮረንቲውን የሚቆራርጥ መገናኛ) ባላቸው መኪኖች ላይ ክፍተቱ በብዛት ከ0.4 እስከ 0.5 ሚሊ ሜትር መሆን አለበት፤ ፑንቲናው እየተቃጠለ ቶሎ ቶሎ የሚያልቅ ከሆነ ደግሞ አጠገቡ ያለው ኮንደንሰር ይለወጥ።

ዳገት ላይ አቅም የሚያጣ መኪና

በዚህ ምልክት ሥር ሦስት የተለያዩ ብልሽቶች ስላሉ መለየት ያስፈልጋል።

የመጀመሪያው ከጭስ ማውጫው ጥቁር ጭስ የሚወጣበት፣ ካንዴላውም ሲፈታ ደረቅና ጥቁር የሆነበት ነው። በደብረ ማርቆስ ከፍታ የአየሩ ግፊት ባሕር ወለል ላይ ካለው በአንድ አራተኛ ገደማ ያነሰ በመሆኑ፣ ለዝቅተኛ ቦታ የተሠራ ካርቡራተር ቤንዚን ያበዛል። በጠጠር መንገድ አቧራ የታፈነ የአየር ፊልትሮም ጭሱን ያባብሰዋል፤ ስለዚህ ካርቡራተሩ ከመነካቱ በፊት ፊልትሮውን አውጥቶ በብርሃን ፊት መያዝ ይገባል፤ ብርሃን የማያሳልፍ ከሆነ ይለወጥ። ከዚያም የቾክ ክዳን ሞተሩ ከሞቀ በኋላ ሙሉ በሙሉ መከፈቱ፣ የካርቡራተሩ ተንሳፋፊም ቤንዚኑን በትክክለኛው ከፍታ መቁረጡ ይታይ። ቤንዚን የምታሳልፈውን ትንሽ የነሐስ ቀዳዳ በአነስተኛዋ መተካት ጭሱን ይቀንሳል፤ ነገር ግን ለደብረ ማርቆስ ፍጹም የሆነው ልክ ዓባይ በረሃ ሲወረድ ቤንዚን ስለሚያሳንስ፣ ሞተሩ ይሞቃል፣ ያንኳኳልም። መንገዱን ዘወትር የሚመላለስ ሰው ከዚህ ቢቆጠብና በትንሽ ጭስ ቢጸና ይሻላል። ጤነኛ ካንዴላ ፈዘዝ ያለ ቡናማ ቀለም አለው፤ ዘይት የተቀባ መስሎ እርጥብ ከሆነ ግን ጉዳዩ የፒስተን ቀለበት ወይም የቫልቭ ጎማ ነው፤ ካርቡራተር በመነካካት አይድንም።

ሁለተኛው ሞተሩ ሲግል ብቻ የሚደርስ ነው። ከበረሃው ሙቀት ተነስቶ ዳገቱን በዝቅተኛ ማርሽ የሚወጣ መኪና፣ ሞተሩ ላይ የተገጠመው የቤንዚን ፓምፕ ስለሚግል ቤንዚኑ ቱቦው ውስጥ ይተናል፤ መኪናው ይንፈራገጥና ይጠፋል፣ ቆሞ ሲቀዘቅዝ ደግሞ ምንም እንዳልሆነ ይነሳል። ለጊዜው ፓምፑ ላይ እርጥብ ጨርቅ መጣል ይረዳል። ዘላቂው መፍትሔ የቤንዚኑን ቱቦ ከጭስ ማስወጫው ማራቅና ሙቀት በሚከላከል ነገር መሸፈን ነው። ሲግል የሚጠፋ መኪና ግን ሁልጊዜ ቤንዚን አጣ ማለት አይደለም፤ የካንዴላውን እሳት የሚያመነጨው ቦቢና ሲሞቅም እንዲሁ ያደርጋል። በጠፋበት ቅጽበት ካንዴላ አውጥቶ ብልጭታ መኖሩን ማየት ሁለቱን ይለያቸዋል።

ሦስተኛው እየተንገራገጨ የሚሄድ፣ አልፎ አልፎ የሚስተካከል መኪና ነው፤ ይህ በነዳጁ ውስጥ ውኃ ወይም ቆሻሻ መግባቱን ያመለክታል። ቤንዚን ሲጠፋ በጀሪካን ወይም በፕላስቲክ ጠርሙስ የሚገዛ ሰው ይህን ቢያይ ሊደነቅ አይገባም። ቤንዚኑን በመስታወት ብርጭቆ ቀድቶ ትንሽ ማቆየት ነው፤ ውኃ ካለ ከታች ይቀመጣል። በነጭ ወረቀት ላይ አንዲት ጠብታ ሲያርፍ ደርቆ የቅባት ምልክት የሚተው ከሆነ ደግሞ ናፍጣ ወይም ላምባ ተቀላቅሎበታል። ታንኩና የካርቡራተሩ ጽዋ ይጽዱ፣ ፊልትሮውም ይለወጥ።

የሚፈላ ሞተር

ውኃ በደብረ ማርቆስ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ ገደማ ነው። ብዙ ሞተሮች ላይ ያለው ቴርሞስታት (የውኃውን መንገድ እንደ ሙቀቱ የሚከፍትና የሚዘጋ ክፍል) የሚከፈተው ከ82 እስከ 88 ባለው መካከል ስለሆነ፣ ሞተሩ በተለመደው ሙቀቱ ሲሠራና ውኃው ሲፈላ መካከል ያለው ክፍተት እጅግ ጠባብ ነው። ክፍተቱን የሚያሰፋው የራዲያተር ክዳን ነው፤ 0.9 ባር ግፊት የሚይዝ ክዳን በዚሁ ከተማ የመፍያውን መጠን ወደ 114 ዲግሪ ያሳድገዋል። ስለዚህ ጎማው የደረቀ ወይም ምንጩ የላላ ክዳን ያለው መኪና ባሕር ጠረፍ ላይ ተርፎ እዚህ ይፈላል። ቴስታታ (የሞተሩ የላይኛው ክፍል) ከመፈታቱ በፊት በልኩ የተሠራ አዲስ ክዳን መሞከር አለበት።

ክዳኑ ደህና ከሆነ መቼ እንደሚፈላ ይታይ። ከተማ ውስጥ ቀስ እያለ ወይም ቆሞ የሚፈላ ከሆነ ማራገቢያው ወይም ቺንጋው ጥፋተኛ ነው፤ በፍጥነት ወይም ዳገት ላይ የሚፈላ ከሆነ ራዲያተሩ ተደፍኗል። በአውድማ ወራት ጭድ የጫኑ መኪኖች ተከትሎ የሚነዳ ሰው የራዲያተሩ ፊት በገለባ ሊሸፈንበት ይችላል፤ ከኋላ ወደ ፊት በውኃ መታጠብ ይበቃዋል። ውስጡ የተደፈነው ግን የሚመነጨው ከጉድጓድና ከወንዝ ከሚቀዳው ውኃ ውስጥ ካለው ማዕድን ስለሆነ፣ ከጣሪያ በንጹሕ ዕቃ የተጠራቀመ የዝናብ ውኃ ከማቀዝቀዣ ፈሳሽ ጋር በግማሽ በግማሽ ተቀላቅሎ መጠቀም የተሻለ ነው። ቴርሞስታቱን አውጥቶ መጣል ለዳገት መፍትሔ ተደርጎ ይወሰዳል፤ ሞተሩ በማለዳ ብርድ ቶሎ እንዳይሞቅ ያደርገዋል፣ ቤንዚንም ያበላል፣ የተደፈነ ራዲያተርንም አይከፍትም።

ሞተሩ ገና ከመነሳቱ የራዲያተሩ ጎማ የሚጠነክር ከሆነ፣ ክዳኑ ተከፍቶ ቀዝቃዛ ሞተር ሲነሳ ውኃው ውስጥ የማያቋርጥ አረፋ ከታየ፣ ዘይቱም ወተት መስሎ ከተገኘ የቴስታታው ጓርኒሲዮን (በቴስታታውና በሞተሩ መካከል ያለው ማሸጊያ) ተቃጥሏል። ሲለወጥ ቴስታታው አለመጥመሙ በቀጥታ ብረት ይለካ። ለፈላ ሞተር ክዳኑን ወዲያው አይክፈቱ፤ ቀዝቃዛ ውኃም በጋለው ላይ አይድፉ፤ ቴስታታው ይሰነጠቃል።

ፔዳሉ የሚለሰልስ ፍሬን

ረጅም ቁልቁለት ላይ ፍሬን በሁለት መንገድ ይከዳል። ፔዳሉ ጠንክሮ መኪናው የማይቆም ከሆነ የፍሬን ሸራው ግሏል፤ ፔዳሉ ለስልሶ ወደ ወለሉ የሚወርድ ከሆነ ግን የፍሬን ዘይቱ ፈልቷል። ዶት 3 የተባለው የፍሬን ዘይት አዲስ ሲሆን ከ205 ዲግሪ በላይ ይፈላል፤ ከአየሩ እርጥበት ሲስብ ግን ወደ 140 ይወርዳል። በእርጥበታማ አካባቢ በየሁለት ዓመቱ ሳይለወጥ የቆየ ዘይት ከደጀን በታች ያለውን ጎዳና የሚጀምረው በዚህ ዝቅተኛ ደረጃ ነው። ፍሬኑ ሊከዳ የጀመረ መኪና ማርሽ ዝቅ ተደርጎ፣ በእጅ ፍሬን በትንሽ በትንሹ እየታገዘ ዳር ላይ ይቁም። ነዳጅ ለመቆጠብ ሞተር አጥፍቶ ወይም ማርሽ አውጥቶ መውረድ ከሁሉም የከፋ ነው፤ ሞተሩ ሲጠፋ ፍሬኑን የሚያግዘው የቫክዩም ኃይል ከጥቂት ርግጫ በኋላ ያልቃል።

ዘይቱን ሲለውጡ አሮጌው ሙሉ በሙሉ ይፍሰስ፣ አየሩም በቅድሚያ ከዋናው የፍሬን ፓምፕ በጣም ከሚርቀው ጎማ ይወገድ፤ ከቱቦው ያለ አረፋ ንጹሕ ዘይት እስኪወጣ ድረስ ሥራው አልተጠናቀቀም። ከዚያ በኋላ ሞተሩ ተነስቶ ፔዳሉን ለግማሽ ደቂቃ ረግጠው ይያዙት። በውጭ የሚፈስ ዘይት ሳይኖር ፔዳሉ ቀስ እያለ ወደ ታች የሚሰምጥ ከሆነ ዋናው የፍሬን ፓምፕ ውስጥ ያሉት ጎማዎች አልቀዋል ማለት ነው፤ ፓምፑ እስኪታደስ ወይም እስኪለወጥ ድረስ ይህ መኪና ከደጀን ወደ ታች መውረድ የለበትም።