ኮርማ ያልፈለገችን የሥጋ ጊደር በሆርሞን ለድራት ማብቃት

በጎጃም የአካባቢ ዝርያ ጊደሮች ሦስት ዓመት አልፏቸው እንኳ ኮርማ ሳይፈልጉ መቆየታቸው የተለመደ ነው። አርቢው የሆርሞን መርፌ እንዲሰጥለት አዳቃይ ቴክኒሻን ከመጥራቱ በፊት ግን ጊደሯ የድራት (ኮርማ የመፈለግ) ዑደት መጀመር አለመጀመሯ መታወቅ አለበት፤ የሆርሞኑ ምርጫ በዚህ ላይ የተመሠረተ ነውና።

ፕሮስታግላንዲን የተባለው ሆርሞን እንቁላል አያስለቅቅም፤ የሚያደርገው በእንቁላል ዕጢ ላይ ያለውን ቢጫ አካል ማፍረስ ሲሆን፣ ቢጫ አካል የሚኖረው ደግሞ ጊደሯ ቀደም ሲል እንቁላል ለቅቃ ከሆነ ብቻ ነው። ስለዚህ ባለሙያው በፊንጢጣ በኩል ዳስሶ ቢጫ አካል ካገኘ መርፌው ይሰጣል፤ ድራቱም ከ2 እስከ 5 ቀን ውስጥ ይታያል። ዑደት ላልጀመረች ጊደር ይህን መርፌ መስጠት ከንቱ ነው። ከሁሉ የሚያሳዝነኝም መርፌው አልሠራም ተብሎ ጤነኛ ጊደር እንደ መካን ተቆጥራ ለዕርድ ስትሸጥ ነው። በሌላ በኩል ፕሮስታግላንዲን እርጉዝ ጊደርን ስለሚያስወርድ የእርግዝና ምርመራ ሊታለፍ አይገባም። በቆዳም ስለሚሰርግ እርጉዝ ሴቶችና የአስም ሕመምተኞች ሊነኩት አይገባም።

ዑደት ላልጀመረችው የሚበጀው በብልቷ ውስጥ ለ7 ቀን የሚቀመጥ ፕሮጄስትሮን ያዘለ መሣሪያ ነው። መሣሪያው ሲወጣ ሆርሞኑ ከደሟ በፍጥነት ይቀንሳል፤ ከአንጎሏ ሥር ካለው ዕጢ የሚወጣው እንቁላል አስለቃቂ ሆርሞንም ይበረታል፤ ለድራት የቀረበች ጊደር በዚህ ዑደቷን ትጀምራለች። ለምሳሌ ሰኞ ጧት 2 ሰዓት መሣሪያው ሲገባ እንቁላል እንዲለቀቅ የሚያነሳሳው ሆርሞን፣ ጎናዶሬሊን፣ 100 ማይክሮግራም ይወጋል፤ በሳምንቱ ሰኞ በዚያው ሰዓት መሣሪያው ወጥቶ ፕሮስታግላንዲን ይሰጣል። ከ54 ሰዓት በኋላ፣ ማለትም ረቡዕ ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ፣ ሁለተኛው ጎናዶሬሊን ተሰጥቶ ጊደሯ በዚያው ትዳቀላለች። መሣሪያው በአካባቢዎ መገኘቱን አስቀድመው ከእንስሳት ሐኪም ዘንድ ያረጋግጡ፤ የመርፌውንም መጠን ሐኪሙ ይወስን።

ይህ ሁሉ የሚሠራው ግን ሰውነቷ ለደረሰ ጊደር ነው። ክብደቷ ዝርያዋ በጉልምስና ከሚደርስበት ከ60 እስከ 65 በመቶ ያህል መሆን አለበት፤ ሚዛን ከሌለ የደረት ዙሪያዋን በሜትር ለክቶ መገመት ይቻላል። በበጋ ማብቂያ በጤፍ ጭድ ብቻ የከረመችን ጊደር በሆርሞን ከማስጨነቅ ይልቅ የኑግ ፋጉሎ እየጨመሩ ማጠንከርና፣ ሣር ከጠገበችበት ከክረምት ማግሥት፣ ጥቅምትና ኅዳር ላይ መጀመር የተሻለ ነው። ዳሌዋ ጠባብ ለሆነች የአካባቢ ጊደር የግዙፍ ዝርያ አባለዘር አይመረጥ፤ ወሊዱ ይከብዳታል።

ከተዳቀለች በኋላ ከ18ኛው እስከ 24ኛው ቀን ጧትና ማታ፣ በተለይም ንጋት ላይ፣ ልብ ብለው ይከታተሏት፤ የዘቡ (የባለ ሻኛ ከብት) ድራት አጭር ከመሆኑም በላይ ብዙ ጊዜ ሌሊት ያልፋል። ድራት ካልታየባት ከ2 እስከ 3 ወር ባለው ጊዜ እርግዝናዋን ባለሙያው ዳስሶ ያረጋግጥ።