ሙዚቃ ጊዜን ሲያስረዝምና ሲያሳጥር እንዴት መለየት ይቻላል?

ለዚህ ሙከራ ስልክ፣ ወረቀት፣ እስክሪብቶና አንድ ጓደኛ ይበቃል። ባሕር ዳር ከሆናችሁ ጣና ዳር ጸጥ ያለ ጥላ ፈልጉ። የእጅ ሰዓታችሁን አውልቁ።

መጀመሪያ ሁለት ዘፈን ምረጡ። አንዱ በክራር ብቻ የሚሄድ ዝግ ያለ ትዝታ ይሁን። ሌላው ከበሮና ጭብጨባ የሞላበት የጎጃም እስክስታ። ጓደኛችሁ ሁለቱንም እኩል ደቂቃ ላይ ያቁማቸው። ስንት ደቂቃ ላይ እንደሆነ ግን አይንገራችሁ።

እያንዳንዱ እንደቆመ ስንት ደቂቃ እንደመሰላችሁ ወዲያው ጻፉ። በልባችሁ አትቁጠሩ። የሚቆጥር ሰው ሙዚቃውን ትቶ ሰዓት ነው የሚያዳምጠው።

ማታ ወረቀቱን ሳታዩ እንደገና ገምቱ። ይህን ደረጃ እባካችሁ አትዝለሉት። እየሰማን ስንገምት ወሳኙ ሐሳባችን ያለበት ቦታ ነው። ምቱ እኩል ሲሄድ ጆሮ ቀጣዩን ምት ቀድሞ ይጠብቃል፣ ሐሳብም አብሮት ይሄዳል፣ ሰዓቱ ይረሳል። ቆይተን ስንገምት ግን የምንመዝነው ትውስታችንን ነው። ብዙ ለውጥ የነበረበት ዘፈን ረጅም ይመስላል፤ ያንኑ እየደጋገመ የሄደው ያጥራል። ስለዚህ አንዱ ዘፈን ቀን አጭር፣ ማታ ረጅም ሊሆንባችሁ ይችላል።

አሁን ወደ ማኅሌት። በበዓል ሌሊት ባሕር ዳር ጊዮርጊስ ሄዳችሁ ቁሙ። ለዚህ ጉዳይ ከቅዱስ ያሬድ ዜማ የተሻለ አስተማሪ አላውቅም። ወረቡ፣ ማለትም በከበሮና በጸናጽል የሚታጀበው ዝማሬ፣ ሲጀመር ከበሮው ዝግ ብሎ ይመታል፣ ጸናጽሉ ይከተለዋል። በአንዱ ምትና በሌላው መካከል ሰፊ ዝምታ አለ። ቃሉ ሳይለወጥ ይደጋገማል፤ ምቱ ግን እየተቀራረበ ይመጣል። መጨረሻ ላይ ጭብጨባው ሲጨመር አካባቢው ሁሉ ይነቃነቃል። እዚያ ስልክ አያስፈልግም። ፍጥነቱ የተለወጠበትን ቦታ ብቻ ለዩ። ብዙ ጊዜ ለውጡን የምናውቀው ካለፈ በኋላ ነው፣ እግራችን ግን ቀድሞ ያውቀዋል።

ሌላ ቀን ሁለቱን ዘፈኖች ቅደም ተከተላቸውን ገልብጣችሁ ድገሙ። ቀድሞ የተሰማው የኋለኛውን ግምት ሊያዛባ ስለሚችል፣ የሁለቱን ቀን ወረቀት ጎን ለጎን አድርጋችሁ አስተያዩ።