በቆሎአችሁ ጥርሱ የወላለቀው ለምንድን ነው?

ጓሮዬ ላይ መጀመሪያ በቆሎ የዘራሁት አጥሩን ተከትዬ በአንድ መስመር ነበር። ዝናቡ አላሳፈረኝም፣ አገዳውም ከአጥሩ በላይ አልፎ ሄደ። መስከረም ላይ እሸቱን ስልጠው ግን ጥርሱ የወላለቀ አፍ መሰለ፤ እዚህ ሦስት ፍሬ፣ እዚያ አምስት፣ መሃሉ ባዶ ቆረቆንዳ። ማዳበሪያ አንሶት ነው አሉኝ። አልነበረም። ጥፋቱ አዘራሬ ላይ ነበር፣ እሱም የበቆሎን አፈጣጠር ካለማወቅ የመጣ ነው።

በቆሎ የሳር ዘር ነው። ጤፍ፣ ስንዴ፣ ማሽላ፣ ሸንኮራ አገዳ፣ ቀርከሃ ሳይቀር ዘመዶቹ ናቸው። ሁሉም አገዳቸው አንጓ አለው፣ ከየአንጓው አንድ ቅጠል ይወጣል፣ የቅጠሉ ታችኛው ክፍል አገዳውን እንደ ነጠላ ይጠቀልለዋል። ሥራቸው እንደ ጸጉር የተበታተነ ነው። አበባቸው ደማቅ ቀለም የለውም፤ ንብ መጥራት አያስፈልገውም።

በቆሎን የሚለየው ወንዴና ሴቴ አበባውን ለያይቶ ማስቀመጡ ነው። ጤፍና ስንዴ ሁለቱንም አንድ አበባ ውስጥ ስለያዙ አብዛኛውን ጊዜ በራሳቸው ብናኝ ፍሬ ይይዛሉ። በቆሎ ግን ወንዴውን አናቱ ላይ፣ ሴቴውን ወገቡ ላይ አድርጎታል። አናቱ ላይ የሚዘረዘረው አበባ ብናኙን ይለቃል፣ ንፋስ ይወስደዋል፣ ከእሸቱ ጫፍ የሚወጣው ጸጉር ይቀበለዋል። እና እያንዳንዷ የጸጉር ክር ከአንዲት ፍሬ ጋር ብቻ ነው የተያያዘችው። ክሯ ብናኝ ካላገኘች የእሷ ፍሬ ቦታ ባዶ ይቀራል። በአንድ መስመር ከዘራችሁ ንፋሱ አብዛኛውን ብናኝ ወደ ጎረቤት ግቢ ይዞት ይሄዳል፣ የእኔም ችግር ይኸው ነበር።

ስለዚህ ሰብሰብ አድርጋችሁ ዝሩ። ለሃያ ተክል ቦታ ካላችሁ አራት መስመር አውጡና በየመስመሩ አምስት አምስት አድርጉ። በመስመርና በመስመር መሃል 75 ሳንቲ ሜትር፣ በተክልና በተክል መሃል ከ25 እስከ 30፣ ጥልቀቱ 5 ሳንቲ ሜትር ገደማ። በየጉድጓዱ ሁለት ሁለት ፍሬ ጣሉና ሲበቅል ደካማውን ንቀሉት።

ገና በአራት በአምስት ቅጠሉ በግ ቢግጥባችሁ ወይም በረዶ ቢመታው ቶሎ ተስፋ አትቁረጡ። በዚያ ዕድሜው የሚያድግበት ጫፍ ገና ከአፈር በታች ስለሆነ፣ ታጭዶ እንደሚያቆጠቁጥ ሳር መልሶ ሊወጣ ይችላል። አንድ ሳምንት ያህል ጠብቁት። ከመሃሉ አዲስ ቅጠል ካላሳየ ያኔ ሌላ ዝሩበት። ስድስት ቅጠል ገደማ ካወጣ በኋላ ግን ጫፉ ከአፈር በላይ ብቅ ይላል፣ ጥበቃ ያስፈልገዋል። ጠዋት ጠዋት እምብርቱን ገለጥ አድርጋችሁ እዩ፤ የእንጨት ፍቅፋቂ የመሰለ ነገር ካገኛችሁ ተምች ገብቷል ማለት ነው። ከ2009 ዓ.ም. ወዲህ መጤ ተምች አገራችን ስለገባ ይህንን ቸል አትበሉ። ጥቂት ተክል ከሆነ በእጅ እየለቀሙ መጨፍለቅ ይበቃል።

ጉልበት ሲደርስ ኮትኩቱትና አፈር አስታቅፉት። ከታችኞቹ አንጓዎች እንደ ጣት ተዘርግተው የሚወጡት ሥሮች ምሰሶዎቹ ናቸው፤ አፈር ሲያገኙ ይጠነክራሉ፣ አገዳው በንፋስ አይጋደምም።

ቀትር ላይ ቅጠሉ እንደ ቱቦ ተጠቅልሎ ብታዩት አትደንግጡ። ውሃ እንዳይተንበት ራሱን እየጠበቀ ነው። ማታ ከተዘረጋ ደህና ነው፤ ጠዋትም ተጠቅልሎ ካደረ ግን ውሃ አጠጡት፣ በተለይ ጸጉር ሊያወጣ ሲል። ያኔ ከጠማው ጸጉሩ ይዘገያል፣ ብናኙ ደግሞ አይጠብቅም፣ ሳምንት ገደማ ውስጥ ያልቃል።

ጸጉሩ ሲወጣ እናንተም ሥራ አላችሁ። ጠዋት ጤዛው ሲደርቅ፣ ሦስት ወይም አራት ሰዓት ላይ፣ አገዳውን ቀስ አድርጋችሁ ነቅንቁት። ቢጫ ዱቄት ሲወርድ ታያላችሁ። ተክላችሁ ጥቂት ከሆነ የአናቱን አበባ ወረቀት ከረጢት ውስጥ አራግፉትና ዱቄቱን ጸጉሩ ላይ በትኑት። ይህንን ለአራት ለአምስት ቀን ደጋግሙት፤ መጀመሪያ የሚወጣው ጸጉር ከእሸቱ ግርጌ ካሉት ፍሬዎች የሚነሳው ነው፣ የጫፉ መጨረሻ ይመጣል። ጫፉ ላይ ባዶ የሚበዛው አንዱም ለዚህ ነው።

ይዞ እንደሆነ ማወቅ ከፈለጋችሁ ከሳምንት በኋላ አንዱን እሸት ቁረጡና ሽፋኑን በቢላ ሰንጥቃችሁ ጸጉሩን ሳትነኩ ግለጡት። ከዚያ ግርጌውን ይዛችሁ ዘቅዝቁትና አራግፉት። ብናኝ ያገኙት ክሮች ከፍሬያቸው ተላቀው ይረግፋሉ፣ ያላገኙት እንደተጣበቁ ይቀራሉ። እኔ በካሬ በዘራሁበት ዓመት ሳራግፈው ጸጉሩ ከሞላ ጎደል ሁሉም እግሬ ሥር ወደቀ፣ የቀረው ጫፉ ላይ ያለ ትንሽ ቁንጮ ብቻ ነበር። ደስ አለኝ።

ጸጉሩ ከወጣ ሃያ ቀን ገደማ ሲሞላው ቡናማ ሆኖ ይደርቃል። ፍሬውን በጥፍራችሁ ጫን በሉት፤ ወተት ካፈለቀ እሸቱ ደርሷል፣ ከሰል አቀጣጥሉ። ሲጠበስ ረድፎቹንም ቁጠሯቸው። 12፣ 14፣ 16፣ ሁልጊዜ ማለት ይቻላል ጥንድ ነው የምታገኙት፤ አበባዎቹ ቆረቆንዳው ላይ ሲፈጠሩ ጀምሮ ሁለት ሁለት እየሆኑ ነው የሚወጡት።