ከስደት ተመልሳችሁ አዲስ አበባ ላይ ሥራ ስትጀምሩ ልታስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ከሪያድ፣ ከቤይሩት ወይም ከዱባይ የተመለሰ ሰው አራዳ ወይም ቂርቆስ ውስጥ ትንሽ ሥራ ልጀምር ሲል በመጀመሪያ የሚሄደው ወደ ወረዳ ነው። ትክክልም ነው። የወረዳው የሥራና ክህሎት ጽሕፈት ቤት ሥራ ፈላጊ አድርጎ ይመዘግባል፣ ከሥልጠና ጋር ያገናኛል፣ ብድርና የመሥሪያ ቦታ እንዴት እንደሚጠየቅ ያሳያል። ችግሩ ብዙ ሰው ከሀገር ሲወጣ በወረቀት ያልቅ የነበረው ጉዳይ ዛሬ በስልክ ሆኖ መጠበቁ ነው። መታወቂያው፣ ክፍያው፣ የንግድ ፈቃዱ፣ ሁሉም ከአንድ ስምና ከአንድ ስልክ ቁጥር ጋር ይያያዛል። የዲጂታል ሥልጠናም ዋና ጥቅሙ እዚህ ላይ ነው። የደከማችሁበት ንብረት በእጃችሁ እንዲቆይ ያደርጋል።

እነዚህን ስህተቶች ደጋግሜ አያቸዋለሁ። አብዛኞቹ ሰውን ከማመን የሚመጡ ናቸው።

ለጊዜው በወንድሜ ስም ይሁን ማለት

ከሁሉ የከፋው ይሄ ስለሆነ ረዘም አድርጌ ልጻፈው።

ዐረብ ሀገር ሆና የምትሠራ ሴት ለዓመታት ብር የምትልከው በቤተሰብ አካውንት ነው። እዚህ ስትመጣም ልማዱ ይቀጥላል። ሲም ካርዱን የአጎቷ ልጅ ያወጣላታል። ቴሌብሩ፣ ማለትም የኢትዮ ቴሌኮም የስልክ ገንዘብ ሒሳቡ፣ በዚያ ቁጥር ይከፈታል። የቤት ኪራይ ውሉን ወንድሟ ይፈርማል። የንግድ ፈቃዱም ወረቀቷ እስኪሟላ ተብሎ በእሱ ስም ይወጣል። ሁሉም በቅንነት የሚደረግ ነው፤ ማንም ሊያታልላት አላሰበም።

ከዚያ ስልኩ ይሰረቃል። አዲስ ሲም ለማውጣት ኢትዮ ቴሌኮም የሚጠይቀው የተመዘገበውን ሰው ነው። ሰውየው ክፍለ ሀገር ነው፣ ወይም ተኳርፈዋል። የቴሌብር ሒሳቧ እዚያው ይቆያል። ደንበኞች የሚያውቁት ቁጥርም እዚያው ይቀራል። ብድር ልትጠይቅ ስትሄድ ደግሞ ሱቁ በስሟ ስላልሆነ የምታሳየው ነገር የላትም። እንጀራውን የምትጋግረው እሷ፣ በሕግ ፊት ነጋዴው ወንድሟ!

ስለዚህ ከመጣችሁ በኋላ ከምንም በፊት ቅደም ተከተሉን ያዙ። ፋይዳ ለሚባለው ብሔራዊ ዲጂታል መታወቂያ ተመዝገቡ። በራሳችሁ ስም ሲም አውጡ። በራሳችሁ ስም የባንክ ሒሳብ ክፈቱ። ቴሌብር ከዚያ በኋላ ይከተላል። አዲስ አበባ ያሉ ባንኮች ከ2017 ዓ.ም. ጀምሮ አዲስ ሒሳብ ለሚከፍት ሰው ፋይዳ ስለሚጠይቁ እሱን ማስቀደም ሌላውን ያቀልላችኋል። ምዝገባው ነፃ ነው። ላስመዝግብህ ብሎ ብር የሚጠይቅ ሰው ካለ ጥላችሁት ሂዱ። ድሮ የነበራችሁን ቁጥርም አትመኑት፤ ለረጅም ጊዜ ያልተሠራበት ቁጥር ለሌላ ሰው ተሰጥቶ ሊሆን ይችላል።

በከተማዋ የሚኖሩ ስደተኞችም በዚህ ወጥመድ ይያዛሉ። ከኤርትራ መጥቶ እዚህ ካፌ ወይም ፀጉር ቤት መክፈት የሚፈልግ ሰው በኢትዮጵያዊ ወዳጁ ስም ፈቃድ ያወጣል። በአዋጅ ቁጥር 1110/2011 መሠረት ግን እውቅና ያገኘ ስደተኛ ለሌሎች የውጭ ዜጎች በተፈቀደው ልክ መሥራትና ንግድ ውስጥ መግባት ይችላል። መጠየቅ ያለበት የስደተኞችና ከስደት ተመላሾች አገልግሎትን ነው። ሂደቱ ሊያደክም ይችላል። በወዳጅ ስም ተሠርቶ፣ ወዳጅነቱ ሲፈርስ ባዶ እጅ ከመቅረት ግን ይሻላል።

ስሙ የተለያየ ወረቀት ይዞ መመዝገብ

ይሄን ሰው በአደባባይ አያወራውም። ብዙ ልጆች የሄዱት ደላላ ዕድሜ ጨምሮ፣ አንዳንዴም ስም ቀይሮ ባወጣው ፓስፖርት ነው። ሲመለሱ ፓስፖርቱ አንድ ስም ይላል፣ የቀበሌ መታወቂያው ሌላ፣ የስምንተኛ ክፍል ካርዱ ሦስተኛ። በዚህ ምክንያት አፍረው ወረዳ ሳይሄዱ የሚቀሩ አሉ። አትፈሩ። ከእናንተ በፊት ብዙ ሰው በዚያ መስኮት አልፏል። በ2006 ዓ.ም. ብቻ ከሳዑዲ ከ160 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያን ተመልሰዋል።

ስህተቱ ነገሩን ሳያስተካክሉ በችኮላ መመዝገብ ነው። ፋይዳ ላይ የገባው ስም ባንክ ጋ ይደርሳል፣ በግብር ከፋይ መለያው (ቲን ቁጥር) ላይ ይሰፍራል፣ ንግድ ምዝገባ ላይ ይደገማል። በኋላ አንዱን ለማረም ሁሉንም መዞር ሊመጣ ነው። አስቀድማችሁ ልደት፣ ጋብቻና ሞት የሚመዘግበውን የወረዳውን ወሳኝ ኩነት ክፍል አማክሩ። ስም መለወጥ ካስፈለገ ፍርድ ቤት ሊያስኬድ ይችላል። በእንግሊዝኛ የሚጻፈውንም ፊደል በፊደል አንድ ዓይነት አድርጉት። የአንዲት ፊደል ልዩነት ስንት ቀን እንደሚያመላልስ ያየው ያውቀዋል።

ፓስወርድንና ኮድን ለጉዳይ አስፈጻሚ መስጠት

የንግድ ፈቃድ ዛሬ ኢ-ትሬድ በሚባለው የመንግሥት ድረ ገጽ በኢንተርኔት ይወጣል። ያልለመደ ሰው ከጽሕፈት ቤቱ በር አጠገብ ኮምፒውተር ይዞ የተቀመጠውን ልጅ ይከፍልና ያሠራል። ማሠራቱ ነውር የለውም። ልጁ ግን ለመፍጠን ብሎ የራሱን ኢሜይልና ስልክ ያስገባል። በዓመቱ ፈቃድ ሊታደስ ሲል አካውንቱ የማን ነው? ልጁም ቦታ ቀይሯል።

ስታሠሩ አጠገቡ ተቀመጡ። ኢሜይሉ የእናንተ ይሁን። ፓስወርዱን እናንተ ጻፉት፣ ደብተር ላይም መዝግቡት፣ ደብተሩ ቤት ይቀመጥ። ስልካችሁ ላይ በመልእክት የሚመጣውን የማረጋገጫ ኮድ ለማንም አትንገሩ። «ከባንክ ነው የምደውለው» ቢልም፣ ሽልማት ደርሶዎታል ቢልም፣ በስማችሁ ቢጠራችሁም አትንገሩ። ባንክ ፒን አይጠይቅም።

ስክሪንሾት አይቶ ዕቃ መስጠት

ምሳ ሰዓት ላይ ነው፣ ሰው ተሰልፏል። አንዱ ስልኩን አሳይቶ «ልኬያለሁ» ይላል። ምስሉ ትክክል ይመስላል። ገንዘቡ ግን አልገባም፤ ምስሉ የትላንት ነው ወይም የተሠራ ነው። ተመላሾች ብዙዎቹ ቴሌብር በ2013 ዓ.ም. ሲጀመር ሀገር ውስጥ ስላልነበሩ በዚህ ቶሎ ይሸወዳሉ።

የሚታየው የእናንተ ስልክ እንጂ የደንበኛው አይደለም። መልእክቱ ወደ ስልካችሁ ገብቷል? ቀሪ ሒሳባችሁ ጨምሯል? እስኪረጋገጥ «አንዴ ይታገሱኝ» ማለት ነውር አይደለም። ሐሰተኛ የጽሑፍ መልእክት የሚልኩም ስላሉ የላከውን አድራሻ እዩ፣ ከተጠራጠራችሁ ሒሳቡን ራሱን ክፈቱና ተመልከቱ። ደንበኛ እንዲከፍልበት ግድግዳ ላይ የተለጠፈው ቁጥር ያለበት ስልክም ሱቅ ውስጥ ይዋል። ስልኩ ከባለቤት ጋር ቤት ውሎ ሱቅ ውስጥ በሠራተኛ እምነት መሸጥ ለኪሳራ ይዳርጋል።

ለሰርተፊኬት ብሎ መሠልጠን

የ5 ሚሊዮን ኮደሮች ፕሮግራም ሐምሌ 2016 ዓ.ም. ሲጀመር ብዙ ወጣት ተመዝግቧል። ነፃ ነው፣ ጥሩ ነው። ግን ፕሮግራሚንግ፣ የዳታ ሳይንስ፣ የአንድሮይድ መተግበሪያ መሥራት ነው የሚያስተምረው። ጀበና ቡና ለመክፈት ያሰበች ሴት በዚያ ጀምራ ካልገባት «እኔ ለዚህ አልሆንም» ብላ ስልኩንም ትተወዋለች። መጀመሪያ የሚያስፈልጋት ሌላ ነው። ኢሜይል መክፈት፣ የቀኑን ገቢና ወጪ መመዝገብ፣ የዕቃ ፎቶ አንስቶ ቴሌግራም ላይ መለጠፍ፣ ካርታ ላይ ሱቋን ማስገባት። ወረዳ ስትሄዱ «ሥልጠና አለ ወይ» ብቻ አትበሉ። «ምን ያስተምራል? በስልክ ነው በኮምፒውተር? ከሥልጠናው በኋላ የሚረዳን ሰው አለ?» ብላችሁ ጠይቁ።

ለወረዳ ባለሙያዎችና ለአሠልጣኞችም የምለው አለኝ። እነዚህን ሴቶች ከዜሮ እንደሚጀምሩ አድርጋችሁ አትዩአቸው። ኢሞ ላይ ከቤተሰብ ጋር ሲደዋወሉ፣ በስልክ ብር ሲልኩ፣ ቲክቶክ ላይ ቪዲዮ ሲያጋሩ የኖሩ ናቸው። ዐረብኛ ይናገራሉ። ከሚያውቁት ተነሱ። ሥልጠናውን ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ማድረግም ሥራ ላይ ያለችውን እናት ማስቀረት ነው። አሥር ኮምፒውተር ለሠላሳ ሰው ከማካፈል ሁሉም በየኪሳቸው በያዙት ስልክ ማስተማር ይሻላል፤ ቤት ሄደው የሚሠሩት በእሱ ነውና።

የድሮዋን ከተማ አስቦ ቦታ መያዝ

ስድስት ሰባት ዓመት ውጭ የቆየ ሰው ጭንቅላቱ ውስጥ ያለችው ፒያሳ አሁን የለችም። ፒያሳ በ2016፣ ካዛንቺስ በ2017 ዓ.ም. ብዙ ሰፈር ፈርሶባቸዋል፣ ነዋሪውም ወደ ሌላ ቦታ ሄዷል። የምሳ ደንበኛ የነበረው ሰው የት እንዳለ ሳታዩ ቀብድ አትክፈሉ። ቦታው ላይ ጠዋት፣ ቀንና ማታ ቁሙና የሚያልፈውን ሰው እዩ። ኪራይ ከመፈረማችሁ በፊት መንገድ ዳር ያሉ ቦታዎችን የሚያፈርሰውና የሚያድሰው የኮሪደር ልማት ቦታውን ይነካው እንደሆነ ወረዳውን ጠይቁ።

ከማያውቁት ሰው ጋር መደራጀት

ለብድር ሲባል ብቻ ስም አሰባስቦ በቡድን መደራጀት አለ። አንዱ ሳይከፍል ከጠፋ ዕዳው የቀሩት ላይ ነው። የምታውቁት ሰው ከሌለ በግል የሚሠራበትን መንገድ ጠይቁ።

ፈቃዱን ረስቶ መተው

ሥራው ባይሆንና ዳግም ለመሄድ ብታስቡ የንግድ ፈቃዱን ሳትመልሱ አትሂዱ። የንግድ ፈቃድ ከሐምሌ 1 እስከ ታኅሣሥ 30 ያለ ቅጣት ይታደሳል፤ ከዚያ በኋላ ቅጣት አለው። ያልተመለሰ ፈቃድ ግብር ማሳሰቡን አያቆምም። እናንተ ዱባይ ሆናችሁ እዚህ በስማችሁ ዕዳ ይጠራቀማል፣ ስትመለሱ ከግብር ዕዳ ነፃ ናችሁ የሚለውን ማስረጃ (ክሊራንስ) አታገኙም። ገቢዎች ቅርንጫፍ ሄዳችሁ ሒሳቡን ዝጉ፣ ንግድ ጽሕፈት ቤት ፈቃዱን መልሱ፣ የመለሳችሁበትን ደብዳቤም ፎቶ አንስታችሁ በራሳችሁ ኢሜይል ላኩት።